ከእጅ ወደ እጅ የሚሻገር ትምህርት

በደብራችን የ50ኛ ዓመት በዓል ስለ እንጨት ሥራ የተነገረ ቃል





ደብራችን የተተከለበትን 50ኛ ዓመት ለማክበር ላደረሰን ለእግዚአብሔር ምስጋና ይድረሰው። በዚህ በዓል ስለ ዜማ፥ ስለ ቅኔና ስለ ደብሩ ታሪክ የሚናገሩ ሊቃውንት አሉ። ለእኔ የደረሰኝ ክፍል ዝቅ ያለ ነው፤ ይኸውም ስለ እንጨት ሥራ መናገር ነው። ዝቅ ያለ ማለቴ በሰው ዐይን እንጂ በነገሩ አይደለም። ወደ ቤተ ክርስቲያናችን የገባ ሰው ዐይኑን በየትም በኩል ቢያነሣ እንጨት ያያል። በሩና መስኮቱ እንጨት ነው፤ ዓምዱ እንጨት ነው፤ መጽሐፍ የሚዘረጋበት አትሮንስ፥ የሚመታው ከበሮ፥ ካህኑ የሚደገፍበት መቋሚያ እንጨት ነው። ከመጋረጃው ውስጥ ያለው መንበረ ታቦትም እንጨት ነው። ይህን ሁሉ የሠራው የሰው እጅ ነው። ያ እጅ ባረፈ ጊዜ የሚተካው እጅ ከወዴት ይመጣል? ዛሬ በፊታችሁ የማቀርበው ጥያቄ ይህ ብቻ ነው።

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። የእጅ ጥበብ በመስማት ብቻ ወይም በማንበብ ብቻ አይገኝም። በመምህር ፊት መሣሪያ ይዞ፥ እንጨት እያበላሹና እያቀኑ፥ ከእጅ ወደ እጅ የሚቀበሉት ነገር ነው። ስለዚህ አንድ ትውልድ ሳይቀበለው ቢያልፍ የሚቀጥለው ትውልድ ከመጽሐፍ ሊያነሣው አይችልም። ለዚህም ነው የእንጨት ሥራ ትምህርት በደብራችን ቅጥር ውስጥ እንዲጀመር የምለምነው።

ነገሩ ለካህናት አባቶቻችን እንግዳ አይደለም። ድጓ ከነምልክቱ ተጽፎ ይገኛል። ነገር ግን ምልክቱን በማየት ብቻ መሪጌታ የሆነ ሰው አልተሰማም። ተማሪው በመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ቃሉን ከአፍ ይቀበላል፤ መልሶ ያዜማል፤ መምህሩ ስሕተቱን ሰምቶ ያቀናዋል። ጽሑፉ ያስታውሳል እንጂ አያስተምርም። አቋቋምም እንዲሁ ነው፤ የመቋሚያው ንቅናቄና የእግሩ እርምጃ በዐይን ታይቶ፥ በሰውነት ተሞክሮ ይለመዳል። እንግዲህ አባቶቻችን የቃልን ትምህርት ያቈዩበት መንገድና የእጅን ትምህርት የምናቈይበት መንገድ አንድ ነው። ዜማ ከአፍ ወደ ጆሮ እንደሚሻገር አናጢነትም ከእጅ ወደ እጅ ይሻገራል።

በኦሪት ዘፀአት እንደምናነበው፥ እግዚአብሔር የምስክሩን ድንኳን ሥራ ብሎ ሙሴን ባዘዘው ጊዜ የሚሠሩትን ሰዎች በስማቸው ጠራቸው። ከይሁዳ ነገድ ባስልኤልን፥ ከዳን ነገድ ኤልያብን ጠራ። ጥበባቸው የእግዚአብሔር መንፈስ ስጦታ መሆኑ በዚያው ተጽፏል፤ ከዚህም ስጦታ መካከል እንጨት መጥረብ ተቈጥሯል። ባስልኤል ታቦቱን ከግራር እንጨት ሠራ፤ ርዝመቱ ሁለት ክንድ ተኩል፥ ወርዱ አንድ ክንድ ተኩል፥ ቁመቱም አንድ ክንድ ተኩል ነበረ። ይህን ብዙ ሰው ያስታውሳል። በ35ኛው ምዕራፍ ግን ጥቂት ሰው የሚያስተውለው ነገር አለ። ለእነዚህ ሁለት ሰዎች የተሰጣቸው መሥራት ብቻ ሳይሆን ሌላውን ማስተማርም ነው። ድንኳኑ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው አልነበረም፤ ይነቀላል፥ ይተከላል፥ ያረጀውም ይታደሳል። መሥራት ብቻ የሚያውቅ ሰው ለራሱ ዘመን ይበቃል፤ ማስተማርን የተሰጠው ሰው ግን ለሚመጣው ዘመን ይተርፋል። ጌታችንም በአገሩ በናዝሬት ሲያስተምር ሰዎች የጸራቢ ልጅ፥ ራሱም ጸራቢ እያሉ እንደ ጠሩት ወንጌላውያን ጽፈዋል። እነዚያ ሰዎች ሊያቃልሉት ተናገሩ። እኛ ግን ይህን ስም ከሰማን በኋላ መጋዝና መሮ የያዘን ሰው ልናቃልል አይገባንም።

ስለ አገራችንም ጥቂት ልናገር። በአክሱም የቆሙትን ታላላቅ ሐውልቶች ያየ ሰው በድንጋዩ ላይ በር፥ መስኮትና የደርብ መለያ ተቀርጾ ያገኛል። በየደርቡም መካከል ከግድግዳው ወደ ውጭ የወጣ የድቡልቡል እንጨት ጫፍ አምሳል ተደርድሯል፤ ይህም የዝንጀሮ ራስ ይባላል። በእንጨትና በድንጋይ በሚሠራ ቤት ይህ ጫፍ ግድግዳውን አያይዞ የሚይዘው የማገሩ ራስ ነው። አንድ ወጥ ለሆነው ድንጋይ ግን ምንም አይሠራለትም። እንግዲህ ድንጋይ ጠራቢው ከአናጢው ሥራ ቀድቶ እንደ ቀረጸው እናስተውላለን። በላሊበላም በቤተ አማኑኤል ግድግዳ ላይ ይኸው የእንጨት ሥራ አምሳል በዓለት ተቀርጾ ይታያል። የጥንቱ አናጢ የሠራቸው ቤቶች በአብዛኛው ጠፍተዋል፤ የእጁ ሥርዓት ግን በድንጋይ ላይ ቀርቷል።

እንጨቱ ራሱ የቈየበትም ስፍራ አለ። በትግራይ ገመድ ይዘው በሚወጡበት በደብረ ዳሞ አምባ ላይ ያለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው በድንጋይና በእንጨት ተራ በተራ የተነባበረ ነው፤ በጣራው ውስጥ ወገን ያሉት የእንጨት ገበታዎችም የአራዊትና የእንስሳት ሥዕል ተቀርጾባቸዋል። ከላሊበላ ራቅ ብሎ በዋሻ ውስጥ የተሠራው፥ በ12ኛው መቶ ዓመት ገደማ እንደ ታነጸ የሚነገርለት የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እንዲሁ ነው። እነዚህ ቤቶች እስከ ዛሬ የደረሱት እንጨታቸው ጠንካራ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። ያረጀውን የሚያወጣና አዲሱን በስፍራው የሚያገባ እጅ ስለ ተገኘ ጭምር ነው። የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን በአውሮጳ አቈጣጠር በ1948 ዴሬክ ማቲውስ በሚባል እንግሊዛዊ አርኪቴክት መሪነት ታድሷል። በዚያን ጊዜ እንጨት የሚጠርብና የሚገጥም እጅ ባይገኝ ኖሮ የመሪው ዕውቀት ብቻውን አንድ ማገር አያቆምም ነበር።

የብራና መጻሕፍታችንንም እንመልከት። የብራና መጽሐፍ ሁለት የእንጨት ገበታ አለው። ገበታው በተሰነጠቀ ጊዜ አባቶቻችን አልጣሉትም፤ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ቀዳዳ በስተው በክር ወይም በጅማት ሰፉት። እንዲህ የተሰፋ ገበታ ያለው መጽሐፍ በየገዳሙ ይገኛል። ይህን ያደረገ ሰው መጽሐፉንም አክብሯል፥ እንጨቱንም አክብሯል።

ነገር ግን እንዲህ ያለ ሥራ በነበረባት አገር የሠሪው ስም አልከበረም። አንጥረኛውን፥ ሸማኔውን፥ ሸክላ ሠሪዋን፥ ቆዳ ፋቂውን በሥራው ስም መስደብ ለብዙ ዘመን ልማድ ሆኖ ኖረ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ ማስነገራቸው ልማዱ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ያስረዳል። አዋጅ አፍን ይከለክላል፤ ልብን ግን የሚመልሰው ሌላ ነው። አንድ ልጅ ቀጥ ያለ መስመር በመጋዝ ለመቍረጥ አንድ ሳምንት ከደከመ በኋላ አናጢን ሊሰድብ አይችልም፤ የነገሩን ክብደት በክንዱ ቀምሶታልና። ስለዚህ የእጅ ሥራን ለልጆች ሁሉ ማስተማር ሠራተኛን ለማክበር ከአዋጅ የበለጠ መንገድ ነው።

አሁን ትምህርቱ እንዴት እንደሚሄድ ልግለጥ። እኔ በጎልማሳነቴ ከደብራችን አናጢ ዘንድ ሦስት ዓመት በጠረጴዛቸው አጠገብ ቆሜ ተምሬአለሁና የምናገረው ያየሁትን ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት ስለት ማውጣት ነው። ጀማሪ ሁሉ እንጨት ለመቍረጥ ይቸኵላል፤ መምህሩ ግን መሮና ድንጋይ ሰጥተው ያስቀምጡታል። የመሮው ጫፍ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በሚሆን ማዘንበል በረጠበው ድንጋይ ላይ ይሄዳል። ስለቱ እጅግ ከሳሳ ጠንካራ እንጨት ሲነካ ይሸረፋል፤ እጅግ ከወፈረም አይገባም። በጀርባው በኩል በጣት ሲዳሰስ እንደ ክር የቀጠነ የብረት ጠርዝ የተሰማ እንደ ሆነ ስለቱ ደርሷል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ጀርባውን በድንጋዩ ላይ አስተኝቶ ያንን ጠርዝ ማንሣት ይቀራል። ይህን በቃል ለመናገር ትንሽ ጊዜ በቃኝ፤ እጅ እንዲያውቀው ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ሰው የተሳለ መሮ ይፈራል፤ አናጢ ግን የሚፈራው የደነዘውን ነው። የደነዘ መሮ ኀይል ይጠይቃል፤ በኀይል የተገፋ መሮም ሲያመልጥ የሚያርፍበት አይታወቅም።

ሁለተኛው ትምህርት እንጨትን ማወቅ ነው። ወይራ ከባድና ጠንካራ ነው፤ ለመዶሻና ለመጥረቢያ እጀታ ይመረጣል። ጽድ መዓዛ አለው፥ ምስጥም በቶሎ አይደፍረውም፤ ለምሰሶና ለማገር ይሆናል። ዋንዛ ለመሮና ለመላጊያ የሚታዘዝ ነው፤ ለበር፥ ለወንበር፥ ተፈልፍሎም ለከበሮ ይሆናል። ዝግባ ቀጥ ያለና ለመሥራት የሚመች ሳንቃ ይሰጣል። ከዚህም በላይ ተማሪው የሚማረው ታላቅ ነገር እንጨት ከተቈረጠ በኋላም እንደሚንቀሳቀስ ነው። በክረምት እርጥበት ጠጥቶ በጎኑ ይሰፋል፤ በበጋ ደርቆ ይጠብባል። በቁመቱ ግን የሚለወጠው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ እርጥብ እንጨት ለበር አይሆንም፤ የቀድሞ አናጢዎች 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ለሚወፍር ሳንቃ በጥላ አንድ ዓመት ያህል ማድረቅ ይገባል ይላሉ። የደረቀውም ቢሆን እንዲንቀሳቀስ ስፍራ ሊተውለት ይገባል። ደኅና ሆኖ የተሠራ በር ዙሪያው በወፍራም እንጨት ተገጥሞ፥ መካከለኛው ሳንቃ በቦይ ውስጥ ያለ ምስማርና ያለ ሙጫ የሚቀመጠው ስለዚህ ነው። ሳንቃውን በአራት ወገን በምስማር የቸነከረ ሰው በመጀመሪያው በጋ መሰንጠቁን ያያል።

ሦስተኛው መለካትና መቍረጥ ነው። መስመሩ በእርሳስ ብቻ ሳይሆን በቢላዋ ጫፍ ይጫራል፤ የእርሳስ መስመር ወፍራም ነውና፥ ከመስመሩ በየትኛው ወገን እንደሚቈረጥ ያጠራጥራል። መጋዙ ዘወትር በሚጣለው ወገን ይሄዳል፤ የሚቀረውን እንጨት የሚነካው መላጊያ ብቻ ነው።

አራተኛው መላግ ነው። እንጨት እንደ እንስሳ ጠጕር የሚተኛበት ወገን አለው፤ መላጊያው ጅማቱ በተኛበት አቅጣጫ የሄደ እንደ ሆነ ፍቅፋቂው እንደ ሻሽ ሳስቶና ተጠቅልሎ ይወጣል፤ በተቃራኒው የሄደ እንደ ሆነ እንጨቱ ይቦጨቃል። በዚህ ጊዜ የመምህር ነገር ያስደንቃል። ፊታቸውን ወደ ሌላ መልሰው ሳለ፥ በድምፁ ብቻ፥ «ልጄ፥ እንጨቱን አዙረው» ይላሉ። ይህን ድምፅ ምን ዐይነት መጽሐፍ ሊጽፈው ይችላል?

አምስተኛውና የጥበቡ ራስ የሆነው መግጠም ነው። በአንደኛው እንጨት ጉድጓድ ይፈለፈላል፤ በሁለተኛው ጫፍ ምላስ ይወጣል፤ ምላሱ በጉድጓዱ ይገባል። የጉድጓዱ ወርድ የእንጨቱን ውፍረት ሢሶ ያህል ይሆናል። ሥርዓቱም ጉድጓዱ አስቀድሞ ተሠርቶ ምላሱ በጉድጓዱ ልክ እንዲወጣ ነው። ምላስ ቢወፍር ጥቂት ጥቂት ተልጎ ይቀጥናል፤ የሰፋን ጉድጓድ ግን ማጥበብ የሚቻለው የለም። ምላሱ በእጅ ሲገፉት ጥቂት የሚገባ፥ በእንጨት መዶሻ ቀስ ብሎ ሲመቱት ደግሞ የሚጨርስ መሆን አለበት። ይህን ልክ ለመግለጥ ቍጥር አይበቃም፤ ክንድ ብቻ ያውቀዋል።

ሞያ በልብ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በልብ ብቻ የቀረ ሞያ ከባለቤቱ ጋራ ይቀበራል። ካህናት አባቶቼ፥ ይህ ሁሉ ከቅኔ ቤት ሥርዓት የራቀ ነው ትሉ ይሆን? እኔ አንድ ሆኖ አይቼዋለሁ። በሁለቱም ዘንድ ተማሪው ቀላሉን ሳይጨርስ ወደ ከባዱ አይሻገርም፤ መምህሩ ሁሉን በአንድ ላይ ሳይሆን እያንዳንዱን እንደ መጠኑ ያስተምራል፤ ስሕተቱም ወዲያው ይታረማል።

በውጭ አገርም ይህን ያስተዋሉ ሰዎች ነበሩ። በፊንላንድ ኡኖ ሲግኔዎስ የሚባል የትምህርት ሰው የደከመበት፥ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1866 የወጣው የሕዝብ ትምህርት ቤት ሕግ የእጅ ሥራን ከግዴታ ትምህርት ጋራ አገባ። በስዊድንም በጎተንቦርግ ከተማ አቅራቢያ ኔስ በሚባል ስፍራ ኦቶ ሳሎሞን የሚባል መምህር በ1872 የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት አቆመ፤ ከ1875 ጀምሮ መምህራንን ያሠለጥን ጀመር፤ ከብዙ አገርም መምህራን እየመጡ ተማሩ። የዚያ ትምህርት ዓላማ ልጆችን ሁሉ አናጢ ለማድረግ አልነበረም። እጅና ዐይን እንዲስማሙ፥ ልጁ ሥርዓትንና ጥንቃቄን እንዲለምድ፥ የእጅን ሥራ እንዲወድና እንዲያከብር ነበር። ትምህርቱ የገበሬ ልጅ ከቤቱ በሚያውቀው በቢላዋ ይጀመራል፤ ልጁም ከመጀመሪያው ጀምሮ ለቤት የሚጠቅም ሙሉ ዕቃ ይሠራል እንጂ ለልምምድ ብቻ ተሠርቶ የሚጣል ነገር አይሠራም። መምህሩም በተማሪው እንጨት ላይ እጁን እንዳያሳርፍ ይመከር ነበር፤ በራሱ እንጨት ያሳያል፥ ተማሪው በራሱ እንጨት ይከተላል። ዕቃው በተፈጸመ ጊዜ ልጁ ይህን እኔ ሠራሁት ማለት የሚችለው እንዲህ ከሆነ ብቻ ነው። የእኛም ሽማግሌ ስለ ስዊድን ምንም ሳይሰሙ እንዲሁ ያስተምራሉ።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ለዚህ በዓል መዘጋጃ የቤተ ክርስቲያናችን የምዕራብ በር ተነቅሎ በብረት በር እንዲለወጥ አሳብ ቀርቦ እንደ ነበረ የሰበካ ጉባኤው አባሎች ታውቃላችሁ። አሳቡን ያቀረቡ ሰዎች ለደብሩ በማሰብ ነው፤ በሩ ከታች ተበልቷልና። ሽማግሌው አናጢ ግን በሩን አስወርደው ከላይ እስከ ታች በመዶሻ እያንኳኩ መረመሩት። የተበላው የዝናብ ነጠብጣብ ከደረጃው እየዘለለ የሚያርፍበት የታችኛው አግዳሚ እንጨት ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀረው ዋንዛ ከ50 ዓመት በኋላ ገና ጤነኛ ነው። እሳቸውም አዲስ አግዳሚ ሠርተው በሁለት ወገን ምላስ አውጥተው አገቡት፤ ዛሬ ሁላችንም በዚያ በር ገብተናል።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። እኒህ ሽማግሌ ስማቸው በዚህ መጽሐፍ እንዲጻፍ አልወደዱምና አልጠራቸውም፤ ዕድሜያቸው ግን ከ70 አልፏል፥ ዐይናቸውም ደክሟል። በእጅ መሣሪያ በር መሥራት የሚችል ሌላ ሰው በደብራችን የለም። እኔ ከእሳቸው የተማርሁት መርዳት እንድችል ነው እንጂ እሳቸውን ለመተካት የሚበቃ አይደለም። እንግዲህ ያ በር ዳግመኛ በሚጎዳበት ጊዜ የሚጠየቀው ጥያቄ የእንጨት ወይስ የብረት የሚል አይሆንም። የሚያድነው እጅ ከሌለ ምርጫም የለም። ዛሬ ምርጫው በእጃችን ነው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን አይኖርም።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቃለሁ። አንደኛው፥ በማሽን ዘመን የእጅ መሣሪያ ለምን ይጠቅማል የሚል ነው። እኔ ማሽንን አልነቅፍም፤ ብዙ ሳንቃ በጥቂት ጊዜ መሰንጠቅ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን አሮጌ በር ማዕዘኑ ትክክል አይደለም፤ እያንዳንዱ ስብራት የራሱ መልክ አለው፤ ይህን በስፍራው ቆሞ የሚያስተካክለው መሮ የያዘ እጅ ነው። ደግሞም የእንጨትን ጠባይ በእጁ ያወቀ ሰው በኋላ ወደ ማሽን ቢሄድ የተሻለ ሠራተኛ ይሆናል።

ሁለተኛው፥ ልጆች ትምህርት ስለ በዛባቸው ጊዜ የላቸውም የሚል ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፥ ማክሰኞና ሐሙስ፥ ከትምህርት ቤት መልስ ሁለት ሰዓት ይበቃል። ረቡዕና ዓርብን ያልጠቀስሁት ስለ ጾሙና ስለ ቅዳሴው ነው፤ ቀዳሚትና እሑድም ሰንበት ናቸው።

ሦስተኛው፥ እንጨት ከወዴት ይገኛል የሚል ነው። በሰሜኑ ደጋ አገራችን የጥንቱ ደን ቀርቶ የሚገኘው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ስለዚህ ከቅጥራችን አንድ ዛፍ እንኳ ለትምህርቱ ተብሎ አይቈረጥ። ነፋስ የጣለው ግንድ፥ ከፈረሰ ቤት የወጣ ማገር፥ ከአሮጌ አልጋ የተረፈ ሳንቃ ለጀማሪ ይበቃል። እንዲያውም አሮጌ እንጨት ከደረቀ ብዙ ዘመኑ ስለ ሆነ ለመግጠም ይሻላል። በዚያውም ላይ እያንዳንዱ ተማሪ በገባበት ዓመት ክረምት አንድ የዋንዛ ወይም የጽድ ችግኝ ይትከል። ዛፉ ለእሱ አይደርስም፤ ለልጅ ልጁ ይደርሳል።

አሳቤን በአጭር ቃል ላቅርብ። ከዕቃ ቤቱ አጠገብ ባለው ባዶ ክፍል አምስት የአናጢ ጠረጴዛዎች ይቁሙ፤ በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሆነው አሥር ልጆች፥ ወንዶችም ሴቶችም፥ ይማሩ። ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ መጋዝ፥ አንድ መላጊያ፥ ሦስት መሮ፥ አንድ የእንጨት መዶሻ፥ አንድ ማዕዘን መለኪያ፥ አንድ መሳያ ድንጋይ ይበቃል። በመጀመሪያው ዓመት የልብስ መስቀያና የሻማ ማቆሚያ፥ ከዚያም ሦስት እግር ያለው በርጩማ ይሠሩ፤ ይህም ወደ ቤታቸው ይግባ። በሁለተኛው ዓመት ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ወንበርና ለቤተ ክርስቲያን አትሮንስ ይሥሩ። በሦስተኛው ዓመት መስኮት መጠገን ይጀምሩ። ሽማግሌው መምህር እንዲሆኑ ጠይቄአቸው ነበር። ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ፥ «ልጆቹ ይምጡ እንጂ እኔ እስካለሁ አለሁ» አሉ። ይህ ቃል ለእኔ ከበቂ በላይ ነው፤ ነገር ግን «እስካለሁ» የሚለውን እንድታስተውሉት እለምናችኋለሁ።

ከእነዚያ አሥር ልጆች ዘጠኙ ሐኪም፥ ነጋዴ ወይም ካህን ይሆኑ ይሆናል። በትምህርቱ አይከስሩም፤ ትዕግሥትንና የተስተካከለ ሥራን ይዘው ይሄዳሉ፥ የሠራተኛውንም ዋጋ ያውቃሉ። አንዱ ግን አናጢ ሆኖ ቢቀር ደብራችን ለሌላ 50 ዓመት በሩን የሚያቀና እጅ አገኘ ማለት ነው። ያም አንዱ ደግሞ የማስተማር ስጦታ የተሰጠው እንደ ሆነ፥ የሚመጣውን ኢዮቤልዩ የሚያከብሩት ልጆቻችን እኛ ዛሬ የምንጨነቅበትን ጥያቄ አይጠይቁም።

ስለዚህ አባቶች ካህናት በቡራኬያችሁ፥ ምእመናን በእንጨትና በመሣሪያ፥ ወላጆችም ልጆቻችሁን በመስጠት ይህን ሥራ እንድትረዱ በትሕትና እለምናለሁ። በቤታችሁ በአልጋ ሥር ዝጎ የተቀመጠ የአባት መሮ ያላችሁ ሰዎች ብታመጡት ዝገቱ በድንጋይ ይለቃል፤ የቀድሞ ሰዎች ብረት ጥሩ ነው።

ደብራችንን ለዚህ ቀን ያደረሰ አምላክ የሠሩትን ነፍሳቸውን ይማር፤ የሚሠሩትን ያጽና፤ የሚማሩትንም ያብዛልን።